አንድ ጊዜ እየታየ አንድ ጊዜ ስለሚጠፋ የቈየ ሞኒተር ምርመራ

ወደ ገጠር ትምህርት ቤት ከሚደርሱት ኮምፒዩተሮች ጥቂት ያይደሉት በሌላ ሥፍራ ብዙ ዘመን አገልግለው የመጡ ናቸው። ስለዚህ ከእነርሱ ጋራ የሚመጣው ሞኒተር፥ ማለት ኮምፒዩተሩ የሚሠራውን ሥራ በፊደልና በሥዕል የሚያሳየን መስኮት፥ ብዙ ጊዜ ዕድሜ የጠገበ ነው። ዕድሜ የጠገበ መሣሪያ ጨርሶ የተበላሸ እንደ ሆነ ነገሩ ቀላል ነው፤ ሞቷል ይባላል፤ ሌላ ይፈለጋል። የሚያስቸግረው ግን ዛሬ ጧት በደኅና ሠርቶ፥ ነገ ጧት «ኖ ሲግናል» የሚል ጽሕፈት አሳይቶ የሚጨልም፥ ከነገ ወዲያም ማንም ሳይነካው ተመልሶ የሚበራ ሞኒተር ነው። ኖ ሲግናል ማለት ከኮምፒዩተሩ ምልክት አልደረሰኝም ማለት ነው።

እንዲህ ያለው ብልሽት ጨርሶ ከመበላሸት ይልቅ የሚከፋበት ምክንያት አለው። ጠጋኝ ዘንድ ሲወሰድ ደኅና ሆኖ ይሠራል፤ ጠጋኙም ምንም አላገኘሁበትም ብሎ ይመልሰዋል። ወደ ትምህርት ቤቱ ሲመለስ እንደ ገና ይጠፋል። በዚህ መካከል ሰው እርስ በርሱ መጠራጠር ይጀምራል፤ በጠፋበት ሰዓት በአጠገቡ የተገኘውም እንደ በደለኛ ይቈጠራል።

ይህን የምለው አንድ ጊዜ በዓይኔ ስላየሁት ነው። በአንድ ትምህርት ቤት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ የሆነ ልጅ ጠረጴዛ ሲወለውል ሞኒተሩ ጨለመበት። ልጁ ሰብሮታል ተባለ፤ አባቱም ዋጋውን እንዲከፍል ተጠየቀ። አባትየው በግ ሊሸጥ ተስማምቶ ሳለ፥ ለምክር ከተቀመጡት ሽማግሌዎች አንዱ፥ ኮምፒዩተር ነክተው የማያውቁ ሰው፥ «ይህ ልጅ ሳይነካው በፊት ጨልሞ ያውቃል ወይ?» ብለው ጠየቁ። መምህሩ ጥቂት አስበው፥ አዎን፥ ባለፈው ወር ሁለት ጊዜ ጨልሞ ነበር አሉ። ሽማግሌውም «እንግዲያ ሕመሙ ከልጁ በፊት የነበረ ነው» አሉ። ኋላ ሲመረመር የገመዱ ሁለት ብሎኖች ከቶ ሳይጠብቁ ኖረው፥ ጠረጴዛው በተነቃነቀ ቍጥር መሰኪያው ሲላቀቅ እንደ ነበረ ታወቀ። በጉም አልተሸጠም። ከዚህ በታች የሚነገረው ሁሉ የእኚያን ሽማግሌ ጥያቄ በሥርዓት ደጋግሞ መጠየቅ ነው እንጂ ሌላ ጥበብ አይደለም።

ኮምፒዩተር ሞኒተር መኖሩን በምን ያውቃል?

ሕመሙን ለመፈለግ አስቀድሞ ጤናውን ማወቅ ይገባል። ኮምፒዩተሩ በገመዱ ጫፍ ሞኒተር መኖሩን በዓይን አያይም። በምን ያውቃል ቢሉ፥ በሁለት መንገድ ያውቃል።

በመጀመሪያ ስለ ገመዱ እንናገር። በቈዩት ሞኒተሮች ላይ የሚገኘው መሰኪያ ቪጂኤ ይባላል። ይህንንም አይቢኤም የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1987 ዓ.ም. ያወጣው ነው፤ (ከዚህ በታች የሚጠቀሱትም ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው)። መልኩ ብዙ ጊዜ ሰማያዊ ሆኖ፥ በውስጡ አምስት አምስት እየሆኑ በሦስት ረድፍ የቆሙ 15 ቀጫጭን መርፌዎች አሉበት፤ የሙያው ሰዎች ፒን ይሏቸዋል። 1ኛው ፒን ቀዩን፥ 2ኛው አረንጓዴውን፥ 3ኛው ሰማያዊውን ቀለም ያደርሳል። 13ኛውና 14ኛው የሥዕሉ መሥመር መቼ እንዲጀመር፥ ገጹም መቼ እንደ አዲስ እንዲሣል ለሞኒተሩ ያስታውቃሉ። 12ኛውና 15ኛው ግን ሥዕል አያመጡም፤ ኮምፒዩተሩ ሞኒተሩን አንተ ማን ነህ ብሎ የሚጠይቅባቸው ናቸው። ከቀሩት አብዛኞቹ የኤሌክትሪኩ መመለሻ ናቸው።

የመጀመሪያው መንገድ እንዲህ ነው። በሞኒተሩ ውስጥ በሦስቱ የቀለም መሥመሮች ጫፍ ላይ 75 ኦም የሚሆን ተቃውሞ ተተክሏል። ኮምፒዩተሩ በመሥመሩ ጥቂት ኤሌክትሪክ ልኮ ያንን ተቃውሞ ያገኘ እንደ ሆነ፥ ከወዲያ ጫፍ አንድ ነገር ተሰክቷል ይላል። ሰው በጨለማ ገመድ ስቦ ከወዲያ በኩል ከብት መታሰሩን በክብደቱ እንደሚያውቅ ማለት ነው። ነገር ግን በዚህ መንገድ ከብት መታሰሩን ያውቃል እንጂ በሬ ይሁን ላም ይሁን አያውቅም።

ሁለተኛው መንገድ ይህን ጕድለት የሚሞላ ነው። ቬሳ የሚባለው የሞኒተርና የሥዕል መሣሪያ ሠሪዎች ማኅበር በ1994 ዓ.ም. ባወጣው ሥርዓት፥ በእያንዳንዱ ሞኒተር ውስጥ 128 ባይት የሚሆን የመታወቂያ ጽሕፈት እንዲኖር ተደርጓል፤ ስሙም ኢዲአይዲ ይባላል። በዚያ ጽሕፈት ሠሪው ማን እንደ ሆነ፥ መቼ እንደ ተሠራ፥ ወርዱና ቁመቱ ስንት እንደ ሆነ፥ በየትኛው መጠን ሥዕል ሊያሳይ እንደሚችል ይገኛል። ኮምፒዩተሩ ሥራ ሲጀምር በ12ኛውና በ15ኛው ፒን በኩል ይህን መታወቂያ ያነባል፤ እንግዳ በበር ላይ ደብዳቤውን እንደሚያሳይ ያለ ነገር ነው።

እዚህ ላይ የሒሳብ መምህራንን ደስ የሚያሰኝ ነገር አለ። ከ128ቱ ባይት እያንዳንዱ ከ0 እስከ 255 የሚደርስ ቍጥር ነው። ሠሪው የመጨረሻውን ቍጥር የሚመርጠው፥ ሁሉም በአንድነት ሲደመሩ ድምሩ ለ256 ያለ ቀሪ እንዲካፈል አድርጎ ነው። ለምሳሌ የፊተኞቹ 127 ቍጥሮች ድምር 9,000 ቢሆን፥ ለ256 ሲካፈል 35 ጊዜ ደርሶ 40 ይቀራል። እንግዲህ የመጨረሻው ቍጥር 216 ይሆናል፤ ለምን ቢሉ 40 እና 216 ተደምረው 256 ስለሚሞሉ ነው። ጠቅላላው ድምር 9,216 ሆኖ ለ256 ሲካፈል ልክ 36 ይደርሳል። ኮምፒዩተሩ መታወቂያውን ሲያነብ ይህን ድምር ይፈትናል። የላላ ሽቦ አንዲቱን ቍጥር በመንገድ የለወጣት እንደ ሆነ ድምሩ ለ256 አይካፈልም፤ ኮምፒዩተሩም ይህ መታወቂያ የታመነ አይደለም ብሎ ይጥለዋል። ልጆች ይህን ሒሳብ በጥቍር ሰሌዳ ላይ በትናንሽ ቍጥሮች ቢሠሩት፥ መደመርና ቀሪ ማውጣት ለምን እንደሚረባ ያዩበታል።

መታወቂያው ያልተነበበ እንደ ሆነ የሚሆነው አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱ ኮምፒዩተር ሞኒተሩን እንደሌለ ይቈጥረዋል፤ ገጹም ይጨልማል። አንዳንዱ ግን ስሙን ያላወቀውን እንግዳ በበረንዳ እንደሚያሳድር ሰው ሆኖ፥ ማንኛውም ሞኒተር ሊቀበለው በሚችለው በዝቅተኛው መጠን፥ በ640 በ480 ወይም በ1024 በ768 ነጥብ ያሳያል። ስለዚህ ፊደሉ በድንገት ገዝፎ፥ ሥዕሉም ሻክሮ ወይም ወደ ጐን ተለጥጦ የታየ እንደ ሆነ፥ የቀለሙ መሥመሮች ደኅና ሳሉ የመታወቂያው መሥመር ተቋርጦ ይሆናል። ጨርሶ ከመጥፋቱ በፊት እንዲህ ያደረገ ሞኒተር ሕመሙ የት እንደ ሆነ አስቀድሞ ተናግሯል።

ከቪጂኤ በኋላ በ1999 ዓ.ም. ዲቪአይ፥ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ኤችዲኤምአይ የሚባሉ መሰኪያዎች ወጥተዋል። በእነዚህ ላይ ስለ መኖር ብቻ የሚናገር አንድ ሽቦ ተጨምሯል። በኤችዲኤምአይ ኮምፒዩተሩ በ18ኛው ፒን 5 ቮልት ይልካል፤ ሞኒተሩም አለሁ ለማለት በ19ኛው ፒን ይመልስለታል። ይህ መልስ ለጥቂት ጊዜ የተቋረጠ እንደ ሆነ ኮምፒዩተሩ ሞኒተሩ ተነቀለ ብሎ ሥዕል መላኩን ይተዋል፤ መልሱ ሲመጣ እንደ አዲስ ይጀምራል። እንግዲህ በኤችዲኤምአይ የተሰካ ሞኒተር ደጋግሞ ብልጭ ድርግም ሲል አስቀድሞ መጠርጠር የሚገባው ገመዱንና መሰኪያውን ነው።

ምርመራው ከየት ይጀመራል?

አስቀድሞ ሞኒተሩና ኮምፒዩተሩ ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች መሆናቸውን ማስታወስ ይገባል። ገጹ ጨለመ ማለት ሞኒተሩ ታመመ ማለት አይደለም፤ የሚያሳየው ነገር ያጣ ጤነኛ ሞኒተርም ይጨልማል።

ሞኒተሩን ለብቻው ለመፈተን የሥዕሉን ገመድ ከኮምፒዩተሩ ነቅሎ፥ የኤሌክትሪኩን ገመድ ብቻ ትቶ ማብራት ነው። ብዙዎቹ ሞኒተሮች በዚህ ጊዜ ገመዱ ተነቅሏል የሚል ጽሕፈት በራሳቸው ያሳያሉ። ጽሕፈቱ ጥርት ብሎ የታየና ሳይንቀጠቀጥ የቈየ እንደ ሆነ የሞኒተሩ መብራትና መስታወቱ ደኅና ነው፤ ሕመሙ በገመዱ ወይም በኮምፒዩተሩ በኩል ይፈለግ። ጽሕፈቱ ከቶ ያልታየ፥ ወይም ሁለት ሰከንድ ያህል ታይቶ የጨለመ እንደ ሆነ ግን ሕመሙ በሞኒተሩ ውስጥ ነው። በዚህ ጊዜ ክፍሉን አጨልሞ የእጅ ባትሪ በገጹ ላይ በአግድም ማብራት ነው። ጽሕፈቱ ደብዝዞ ከመስታወቱ ውስጥ የታየ እንደ ሆነ፥ ሥዕሉ አለ፥ የጠፋው ከበስተኋላው የሚያበራው መብራት ነው።

ኮምፒዩተሩ ሕያው መሆኑን ለማወቅ ደግሞ በኪቦርዱ ላይ ካፕስ ሎክ የሚባለውን ቍልፍ መጫን ነው። ትንሿ መብራት በተጫነች ቍጥር የምትበራና የምትጠፋ ከሆነች ኮምፒዩተሩ እየሠራ ነው፤ ያጣነው ሥዕሉን ብቻ ነው። መብራቷ የማትታዘዝ ከሆነች ግን ኮምፒዩተሩ ራሱ አልተነሣም፤ ሞኒተሩ ያለ በደሉ ተከሷል። መጥፎ መንገድ በመኪና ተጕዞ በመጣ ኮምፒዩተር ይህ ብዙ ጊዜ ይገኛል፤ ራም የሚባለው ሰሌዳ በመንገድ ተነቃንቆ ከሥፍራው ይላቀቃል። ኤሌክትሪኩን ነቅሎ፥ ሰሌዳውን አውጥቶ፥ ወርቅ የሚመስለውን ጠርዙን በንጹሕና በደረቅ ጨርቅ ጠርጎ፥ ቀጭ እስኪል ድረስ መልሶ መሰካት ነው።

ሌሎች ሁለት ቀላል ነገሮች ደግሞ አሉ፤ ቀላል ስለ ሆኑም ሰው ይንቃቸዋል። አንዳንድ ሞኒተር ሁለት መግቢያ አለው፤ ገመዱ በቪጂኤ ተሰክቶ ሞኒተሩ ግን በዲቪአይ በኩል ይጠብቅ ይሆናል። በፊቱ ላይ ባለው ቍልፍ መግቢያውን መለወጥ ነው። አንዳንድ ኮምፒዩተርም ከኋላው ሁለት የሥዕል መውጫ አለው፤ አንዱ ከዋናው ሰሌዳ፥ ሁለተኛው ለብቻው ከተጨመረው የግራፊክስ ካርድ ነው። ካርድ የተጨመረበት እንደ ሆነ ገመዱ የሚሰካው በካርዱ ላይ ነው፤ በሌላኛው ብዙ ጊዜ ምንም አይወጣም። ዊንዶውስ በሚሠራበት ኮምፒዩተር የዊንዶውስን ቍልፍ ይዞ ፒን መጫን ሥዕሉ በየትኛው ሞኒተር እንዲታይ የሚመረጥበትን ዝርዝር ያወጣል፤ በዊንዶውስ 10 እና 11 ደግሞ ዊንዶውስ፥ ኮንትሮል፥ ሺፍትና ቢ በአንድነት የተጫኑ እንደ ሆነ የሥዕሉ ክፍል እንደ አዲስ ይነሣል። ይህ ብቻ ሥዕሉን የመለሰው እንደ ሆነ ሕመሙ ከገመዱ ይልቅ በኮምፒዩተሩ ፕሮግራም በኩል ሊሆን ይችላል።

ስለ ገመዱና ስለ መሰኪያው

ከብዙ ልምድ እንደሚታየው አንድ ጊዜ እየታየ አንድ ጊዜ የሚጠፋ ሥዕል አብዛኛውን ጊዜ የገመድ ነገር ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ታግሦ መቈየት ይገባል።

ኮምፒዩተሩንና ሞኒተሩን አጥፍቶ መሰኪያውን በቀስታ ማውጣትና በብርሃን ማየት ነው። መርፌዎቹ እኩል ቀጥ ብለው መቆም አለባቸው። የተጣመመ የተገኘ እንደ ሆነ በወረንጦ ጥቂት በጥቂት ማቅናት ይቻላል፤ በኃይልና በአንድ ጊዜ ያቀኑት እንደ ሆነ ግን ይሰበራል። በብዙ ገመድ ላይ 9ኛው መርፌ፥ ማለት በመካከለኛው ረድፍ አራተኛው፥ ከመጀመሪያውም የለም፤ ይህን አይቶ ተሰበረ ብሎ መደንገጥ አያስፈልግም። አንዳንድ ርካሽ ገመድም መርፌው ኖሮ በውስጡ የ12ኛውና የ15ኛው ሽቦ ሳይዘረጋበት የተሠራ አለ። እንዲህ ያለው ገመድ ሥዕል ያመጣል፥ መታወቂያ ግን አያደርስም፤ በሌላ ገመድ ካልተለወጠ በቀር መድኃኒት የለውም።

መሰኪያው አንዱ ጐኑ ሰፊ፥ አንዱ ጐኑ ጠባብ ስለ ሆነ በአንድ በኩል ብቻ ይገባል። እምቢ ካለ ተገልብጧል እንጂ ኃይል አላነሰውም። ከገባ በኋላ በግራና በቀኝ ያሉትን ብሎኖች በእጅ ማጥበቅ ነው፤ ካቻቢቴ ቢያስፈልግም በጣም ማክረር አይገባም፤ ለምን ቢሉ ሲፈታ የኮምፒዩተሩን ጥርስ አብሮ ይነቅላል። ባለፈው የተናገርሁት ልጅ ነገር ሁሉ የመጣው ከእነዚህ ከሁለቱ ብሎኖች ነው።

ቀለሙም ራሱ ይመሰክራል። ነጩ ገጽ ቢጫ የሆነ እንደ ሆነ የሰማያዊው መሥመር ተቋርጧል። ወደ ውሃ ሰማያዊ ያደላ እንደ ሆነ ቀዩ ቀርቷል፤ ወይን ጠጅ የመሰለ እንደ ሆነ አረንጓዴው ቀርቷል። ገመዱ ሲነካ ቀለሙ የሚመለስ ከሆነ ጥፋቱ ያለ ጥርጥር በመሥመሩ ላይ ነው።

ሽቦው ይሁን መሰኪያው ለመለየት ሥዕሉ እየታየ ሳለ መሰኪያውን በአንድ እጅ አጽንቶ ይዞ ገመዱን ብቻ በቀስታ ወዲያና ወዲህ ማወዛወዝ ነው። ሥዕሉ የተቋረጠ እንደ ሆነ ሽቦው በውስጥ ተሰብሯል። ቀጥሎ ገመዱን አጽንቶ መሰኪያውን ብቻ መነቅነቅ ነው፤ በዚህ የተቋረጠ እንደ ሆነ የላላው መጋጠሚያው ነው። በጐተራ ወይም በዕቃ ቤት ለተቀመጠ ገመድ የአይጥ ጥርስ ያለበት መሆኑን በጣት እየዳበሱ ማየት ይገባል። በመሰኪያው ላይ አቧራ ወይም ዝገት የታየ እንደ ሆነ በደረቅ ብሩሽ፥ ካልሆነም በጥቂት ንጹሕ አልኮል ጠርጎ ፈጽሞ እስኪደርቅ መጠበቅ ነው። በውሃ ወይም በነጭ ጋዝ ማጠብ፥ በቀዳዳዎቹም ውስጥ መርፌ መክተት አይገባም።

የኤሌክትሪኩንም ገመድ አትርሱ። ከሞኒተሩ ጀርባ የሚሰካው ጫፍ በጊዜ ብዛት ይላላል፤ ሶኬቱና ዲቫይደሩም እንዲሁ። በኤሌክትሪክ ጥቂት መቋረጥ የተነሣ ሞኒተሩ ጠፍቶ ሲነሣ የሥዕል መጥፋት ይመስላል።

አዲስ ኮምፒዩተር ከቈየ ሞኒተር ጋራ ሲጋባ

አሁን የሚመጡት ኮምፒዩተሮች ብዙዎቹ የቪጂኤ መውጫ የላቸውም። ስለዚህ ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚመልስ ኮንቨርተር በመካከል ይገባል። ይህ ኮንቨርተር ተራ ገመድ አይደለም፤ በቍጥር የሚመጣውን ሥዕል ወደ ቮልት የሚተረጕም ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሥራ በውስጡ አለ። ለዚህ ሥራ የሚበቃውን ኃይል የሚቀበለው ከዚያው ከኤችዲኤምአይ የ5 ቮልት መሥመር ነው። ሥርዓቱ ኮምፒዩተሩ ቢያንስ 55 ሚሊአምፔር እንዲሰጥ ያዝዛል፤ አንዳንድ ኮንቨርተር ግን ከዚህ የበለጠ ይጠይቃል። ኮምፒዩተሩ ከታዘዘው የማያልፍ ንፉግ የሆነ እንደ ሆነ፥ ኮንቨርተሩ ግማሽ ሰዓት ሠርቶ ሲግል ይደክማል፤ ሥዕሉም ይጠፋል፤ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። ሞኒተሩ በማለዳ ደኅና ሆኖ ከረፋድ በኋላ የሚጠፋ ከሆነ ኮንቨርተሩን በእጅ መዳሰስና በሌላ መለወጥ ይገባል። በጐኑ የዩኤስቢ መግቢያ ያለው ኮንቨርተር ተጨማሪ ኃይል ስለሚቀበል ይሻላል። ደግሞም ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚመልሰው ወደ ኋላ አይሠራም፤ ገበያ ሲገዛ ኮምፒዩተሩ በየትኛው፥ ሞኒተሩ በየትኛው እንደ ሆነ ለይቶ መናገር ያስፈልጋል።

ሌላም አለ። አዲሱ ኮምፒዩተር ከቈየው ሞኒተር አቅም በላይ ይልክበት ይሆናል። በዚህ ጊዜ ሞኒተሩ «አውት ኦፍ ሬንጅ» ይላል፤ ከአቅሜ በላይ ነው ማለት ነው። ይህ ኖ ሲግናል ከሚለው ፈጽሞ የተለየ ነው፤ ምልክቱ ደርሷል፥ ሞኒተሩ ግን ሊሸከመው አልቻለም። በሌላ ሞኒተር አድርጎ መጠኑን ዝቅ፥ የገጹንም መታደስ በሰከንድ ወደ 60 ጊዜ ማድረግ ነው። የ17 ኢንች ጠፍጣፋ ሞኒተር ብዙ ጊዜ የሚስማማው 1280 በ1024 ነው።

ብርድና ሙቀት

በደጋ አገር የቈየ ሞኒተር በብርድ ጧት ለመነሣት ሲያስቸግር፥ ከቀትር በኋላ ደኅና ሲሆን ይታያል። በውስጡ ካፓሲተር የሚባሉ፥ ኤሌክትሪክ አጠራቅመው የሚያስተካክሉ ትንንሽ ቆርቆሮዎች አሉ። በእነርሱ ውስጥ ያለው ፈሳሽ በዕድሜ ይደርቃል፤ በብርድም ጊዜ ሥራው ይደክማል። ይልቁንም ከ1999 እስከ 2007 ዓ.ም. ገደማ ከተሠሩት መሣሪያዎች ብዙዎቹ ጥራት የሌለው ካፓሲተር ገብቶባቸው ነበር፤ ምልክቱም ጠፍጣፋ መሆን የሚገባው አናታቸው ማበጡ ነው።

ሞኒተሩ እንዲህ ዘግይቶ የሚነሣ ከሆነ ኮምፒዩተሩ ቀድሞ ተነሥቶ መታወቂያ ሲጠይቅ መልስ ያጣል፤ የለም ብሎም ያልፋል። ስለዚህ አስቀድሞ ሞኒተሩን አብርቶ፥ አንድ ደቂቃ ያህል ቈይቶ ኮምፒዩተሩን ማስነሣት ብዙ ጊዜ ይረዳል። ከጠፋም በኋላ ሁለቱንም ከሶኬቱ ነቅሎ፥ የማብሪያውን ቍልፍ ጥቂት ጊዜ ተጭኖ፥ አምስት ደቂቃ ያህል አቈይቶ መልሶ መሰካት ነው፤ የተወዛገበው የሞኒተሩ ትንሽ አእምሮ በዚህ ይጠራል። ይህ ግን ማስታገሻ ነው። መነሻው ጊዜ ከሳምንት ወደ ሳምንት እየረዘመ የሄደ እንደ ሆነ ካፓሲተሩ መለወጥ አለበት።

ለዋጩ ግን የሠለጠነ ጠጋኝ እንጂ መምህር ወይም ተማሪ አይሁን። በዚህ ነገር ቸል ማለት ሕይወት ያስከፍላል። የ220 ቮልት ኤሌክትሪክ በሞኒተሩ ውስጥ ሲስተካከል ወደ 310 ቮልት ይደርሳል፤ ገመዱ ከተነቀለም በኋላ በትልቁ ካፓሲተር ውስጥ ይቈያል። ከኋላው ጕብ ያለው የድሮው ባለ ትልቅ ብርጭቆ ሞኒተር ከዚህም ይብሳል፤ በውስጡ ከ20,000 ቮልት በላይ ይገኛል። ይህን ዓይነቱን በምንም ምክንያት አትክፈቱ፤ ልጆችም እንዲከፍቱት አትፍቀዱ። ለጠጋኙ ደግሞ ሥራው ከባድ አይደለም፤ በማይክሮፋራድ እኩል፥ በቮልት እኩል ወይም የሚበልጥ ካፓሲተር በአሮጌው ሥፍራ ይበይዳል፤ ዋጋውም ከአዲስ ሞኒተር ጋራ የሚወዳደር አይደለም።

ስለ መዝገቡ

ከሁሉ ይልቅ የሚረባው አንድ ደብተር ነው። ሞኒተሩ በጠፋ ቍጥር ቀኑን፥ ሰዓቱን፥ ከተነሣ ስንት ጊዜ እንደ ቈየ፥ ብርድ ወይም ሙቀት መሆኑን፥ መብራት ተዋዥቆ እንደ ነበረ፥ ምን ጽሕፈት እንዳሳየ መጻፍ ነው። በአጠገቡ ማን እንደ ነበረ መጻፍ አያስፈልግም። ዐሥር ጊዜ ያህል ከተጻፈ በኋላ ነገሩ ብዙ ጊዜ ራሱ ይገለጣል፤ ሁልጊዜ በጧት ከሆነ ካፓሲተር፥ ሁልጊዜ ከሰዓታት በኋላ ከሆነ ኮንቨርተር፥ ጠረጴዛ ሲነካ ከሆነ ገመድ ነው ማለት ይቻላል።

ስትለውጡም አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ። ገመዱንም፥ ኮንቨርተሩንም፥ ሶኬቱንም በአንድ ቀን የለወጠ ሰው ሞኒተሩ ቢድን እንኳ ምን እንዳዳነው አያውቅም፤ ጥሩውንም ገመድ ከመጥፎው ጋራ ይጥላል። ደኅና መሆኑ በሌላ ኮምፒዩተር የተረጋገጠ አንድ ገመድ ለፈተና ብቻ ተብሎ በመምህሩ መሳቢያ ቢቀመጥ መልካም ነው።

ዳነ ለማለትም አትቸኩሉ። ሞኒተሩ ከሦስት ጧት በአንዱ የሚጠፋ ቢሆን፥ ምንም ሳይጠገን ሁለት ጧት ተከታትሎ የመሥራት ዕድሉ ሁለት ሦስተኛ በሁለት ሦስተኛ ሲባዛ አራት ዘጠነኛ ነው፤ ወደ ግማሽ ይጠጋል ማለት ነው። ስለዚህ በሁለት ቀን ደኅንነት ገመዱን ማመስገን ከንቱ ነው። ሰባት ጧት ተከታትሎ የሠራ እንደ ሆነ ግን ዕድሉ ከ2,187 ውስጥ 128፥ ማለት ከመቶ ስድስት ያህል ብቻ ይቀራል፤ ያን ጊዜ ለውጡ እንደ ረዳ መናገር ይቻላል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ የማይድን ሞኒተር የተገኘ እንደ ሆነ ደግሞ ወደ ጕድጓድ አይጣል። የድሮው ሞኒተር ብርጭቆ እርሳስ አለበት፤ የብዙዎቹ የቈዩ ጠፍጣፋ ሞኒተሮች የመብራት ዘንግም ባዜቃ አለበት፤ ሁለቱም ለልጆችና ለውሃ መርዝ ናቸው። ሳይሰበር በዕቃ ቤት አቈይቶ ለወረዳው ማስረከብ ይሻላል። የኤሌክትሪክ ገመዱና የቪጂኤ ገመዱ ግን ደኅና ከሆኑ ተጠቅልለው፥ የተፈተኑበት ቀን በወረቀት ተጽፎ ታስሮባቸው ይቀመጡ።